መነጽሩን በጠፍር ያሰርኩበት ክረምት

ቡታጅራ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የቤቱን ጠመንጃ እኔ እንዳበላሸሁት ይወራል። የባሌ ወንድም ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራዋል። «የብረት ሠሪ ልጅ ጠመንጃችንን እንደ አህያ ጭነት ጠፍራ አዋረደችን» ይላል አሉ። እኔ የምኖረው ወልቂጤ ነው። ወሬው የአረቅጥን ከተማ አቋርጦ ከገበያተኛ ጋር በሚኒባስ ይደርሰኛል። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁም። ዝም ያልኩት አፍሬ አይደለም። እውነቱን ብናገር የሚያፍር ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። ያ ሰው ባሌ ነው፤ አምና ሞተ። አሁን ማንንም የምጠብቅበት ምክንያት የለኝም።

ጠመንጃው ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ የድሮ ሰዎች «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚሉት ዓይነት ነው። አንዴ ከተኮስክ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላትህ ቆሞ ካልጠበቀህ በቀር ምንም አታደርገውም። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለበኩር ልጅ ሲተላለፍ መጥቶ በእኛ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ባሌ በኩር ነበር። የሚተኮሰው ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ያለ እርሳስ፣ ድምፁ ማዶ ላለው ሰው እንዲደርስ። አያትየው ሲሞቱ ሞረድ እንዳይነካው፣ መሰርሰሪያ እንዳይገባበት፣ የብረት ሠሪ እሳትም እንዳይነካው ተናዘዋል ይባላል። ከቤት በወጣ ቁጥር ደግሞ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ቅቤ ይቀባል። ለለቅሶም ቢሆን ደረቁን አይወጣም። ሴት አትነካውም፤ የብረት ሠሪ ዘርማ ጭራሽ።

አባቴ ወልቂጤ ውስጥ ብረት ሠሪ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ የሳጥን ቁልፍ፣ አንዳንዴም የተሰበረ ጠመንጃ ይሠራ ነበር። በእኛ አገር ብረት ሠሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አላስረዳም። ለማያውቅ ግን በአጭሩ ልንገረው፤ ማረሻውን ይገዙታል፣ ከበር ሳያልፉ ይመርቁታል፣ ልጁን አያገቡም። ባሌ አገባኝ። ለዚህ ውለታው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አመስጋኝ እንድሆን ይጠበቅብኝ ነበር፤ እኔም ሆኛለሁ።

ከቡታጅራ በላይ ባለው ዳገት ላይ ቤተሰቡ ሰፊ የእንሰት ማሳ ነበረው። አማቴ አታስገባኝም ነበር። የብረት ሠሪ ዘር የረገጠው እንሰት ይጠወልጋል ይባላል። ፍጉን ተሸክሜ እስከ ማሳው ዳር እሄዳለሁ፤ ዳሩ ላይ እደፋለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሴት ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። ዝናብ ሲሆን ፍጉ በጀርባዬ ላይ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አንድ እርምጃ መጨመር አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ አማቴ ሞተች፤ የቤቱ ሴቶች አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ቡታጅራ ከተማ ገቡ፤ የሚሠራ እጅ ጠፋ። ያን ጊዜ እግሬ በድንገት ንጹሕ ሆነ። ማንም «ግቢ» አላለኝም፤ «አትግቢ» የሚለኝ ግን አልነበረም፤ ገባሁ።

አሮጌውን እንሰት ቀስ በቀስ አንስቼ አዲስ ተከልኩ። ችግኙን ከመደብ ወደ መደብ ሦስት ጊዜ አዛወርኩት፤ በየጊዜው ጉድጓድ፣ በየጊዜው ፍግ። ልጅ አልወለድንም። ለምን እንደሆነ በዚያ ቤት ሁሉም መልስ ነበረው። የመሬቱ ደብተር ላይ ስሜ አልነበረም፤ ባሌ «ኋላ እናስገባዋለን» እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ስለዚህ በዚያ ዳገት ላይ የእኔ የምለው ነገር ቢኖር እነዚያ እንሰቶች ነበሩ። እነሱ ከቆሙ እቆማለሁ፤ እነሱ ከጠፉ የምቆምበት አልነበረኝም።

የዝንጀሮው መከራ የጀመረው በስድስተኛው ዓመት፣ እንሰቱ ሊደርስልኝ ሲል ነው። ጭጋጉ ሲነሳ ከገደሉ ይወጡና ለአረም እንደተጠራ ሰው ተራ ይዘው ይወርዳሉ። ግንዱን በጥርሳቸው ቀደው እምብርቱን ብቻ ይበላሉ፤ ሌላውን ጥለውት ያልፋሉ። እምብርቱ የተበላ እንሰት ደግሞ አለቀለት። እኔ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን አንዱ ዝንጀሮ ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል። መሪያቸው ትከሻው እንደ ወይፈን የሰፋ ገመሬ ነበር። እሱ ቶሎ አይበላም። ከማሳው ራስ ባለች ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅላቸዋል። እኔ ጮኼ ስሮጥ አይነቃነቅም፤ ሴት መሆኔን ያውቃል። ድንጋይ ስወረውርበት ጥርሱን ያሳየኛል። ሁለቱን ውሾቻችንን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨረሰብን።

ያላደረግነው የለም። ጣሳ ደበደብን። የባሌን አሮጌ ኮት እንጨት ላይ አልብሰን አቆምን፤ በሦስተኛው ቀን አንዷ ዝንጀሮ ኮቱን ስትጎትተው አየኋት። ቀኑን ሙሉ ዝናብ እየወረደብኝ በላስቲክ ተጠቅልዬ ማሳው መሀል ተቀመጥኩ፤ እነሱ በሌላው በኩል ገቡ። ባሌ የቀበሌውን ሚሊሻ ለመነው። ሚሊሻው ጥይቱ እንደሚቆጠርበት፣ ለዝንጀሮ ብሎ ማጉደል እንደማይችል ነገረን። በእሱ አልፈርድም።

የቀረን ያ ጠመንጃ ነበር። ባሌ በጎልማሳነቱ ጎበዝ ተኳሽ እንደነበረ ሁሉም ይመሰክራል፤ ዓይኑ ግን ሩቁን ሁሉ ጭስ ያደርግበት ጀምሮ ነበር። ሰማንያ እርምጃ ላይ ዝንጀሮውን ከድንጋዩ አይለይም። ሁለት ጊዜ ተኩሶ ሁለቱንም ሳተ። ከዚያ በኋላ ገመሬው ጠመንጃውንም ናቀው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የባሌ ወንድም መጣ። ቡታጅራ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ነበር፤ አንደኛው የቤተሰቡ ትልቅ ዘመድ፣ ሁለተኛው የታችኛው ሰፈር ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው። ማሳውን ዞረው አዩ። ከመደቦቹ ሲሶው ወድቆ ነበር። ተመልሰው ሳር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። የባሌ ወንድም እኔን ሳያይ ለወንድሙ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝ። መሬቱ አውቋታል።»

 ባሌ ሳር እየነቀለ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወንድምየው ቀጠለ፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ማሳውን እሱ ቢረከበው፣ እንሰቱን አንስቶ ጫት ቢተክልበት፣ ወንድሙንም ከተማ አምጥቶ ቢጦረው እንደሚሻል አስረዳ። ስለ እኔ አላነሳም። ሀጂ ብቻ ቀና ብለው አዩኝና ለሽማግሌው አንድ ነገር አንሾካሸኩ። ተመካከሩ። በመጨረሻ እስከ መስቀል ቀን ሰጡን። እስከዚያ ዝንጀሮው ከማሳው ከተባረረ እንሰቱ ባለበት ይቆያል፤ ካልሆነ ወንድምየው ይረከባል። ባሌ «እሺ» አለ። ይህን እሺታ ከዚያ በፊትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ለወንድሙ ብቻ የሚያወጣው እሺታ ነው።

በማግስቱ ወልቂጤ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ባሌ ወደ ገበያ እስኪወጣ ጠብቄ የጠመንጃውን ቱቦ ውፍረት በቃጫ ለካሁ፤ ልኩ ላይ ቋጠሮ አሰርኩበት።

የአባቴን ቦታ ታናሽ ወንድሜ ነው የያዘው። አሁን የብየዳ ቤት ሆኗል፤ በርና መስኮት ይሠራል። ዱሮ ከበር የማያልፉት ሰዎች ልጆች ዛሬ ውስጥ ድረስ ገብተው ከእሱ ጋር ሻይ ይጠጣሉ፤ ከተማ መሆን ጥሩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የወፍ ጠመንጃ ሊያስጠግን አምጥቶለት ሳይመለስ እንደቀረ አስታውስ ነበር። ጠመንጃው ዝጎ አልቋል። ላዩ ላይ የነበረው ማነጣጠሪያ መነጽር ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ በሩ ወጥቼ በመነጽሩ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የባጃጅ ሹፌር ጥርሱን ሲጎረጉር እስከ ጥፍሩ ድረስ አየሁት።

ወንድሜ የምፈልገውን ስነግረው ቀላል ነው አለ። ሁለት ቀለበት ይበይዳል፣ ጠመንጃውን ሁለት ቦታ ይበሳል፣ አለቀ። መብሳት እንደማይሆን ነገርኩት፤ እሳትም፣ ሞረድም እንደማይነካው፣ መነጽሩ ለጊዜው ብቻ ተቀምጦ ሲወጣ ጠመንጃው እንደነበረ መገኘት እንዳለበት። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ አየኝ።

«እትዬ፣ እነሱ አንቺን ማሳ ዳር አቁመው ፍግ አስደፉሽ። አንቺ ለጠመንጃቸው ታዝኚለታለሽ?»

«ለጠመንጃው አላዘንኩም። አንድ ጭረት ካገኙበት፣ እንሰቱ ቢተርፍም እኔ አልተርፍም።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

አባታችን የተሰነጠቀ ሰደፍ ሲመጣለት በሚስማር አይነካውም ነበር። ጥሬ የበሬ ቆዳ በጣት ስፋት ይቀድና ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል። እርጥቡን ጠፍር ስቦ ስቦ ይጠመጥመዋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የያዘውን ነገር እንደ ብረት አንቆ ይይዛል። ሲፈለግ በቢላ ይቆረጣል፤ የታሰረው ነገር ምንም ምልክት አይቀርበትም። ይህን ሲሠራ ጫፉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ያን ጊዜ ገና ይዳህ ነበር፤ ስለዚህ አሁን እኔ እየነገርኩት እሱ ሠራ። ከወይራ ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ጠረበ፤ ከታች በኩል ቱቦውን፣ ከላይ በኩል መነጽሩን እንዲያቅፉ ቦረቦራቸው። ቦታውንም አሰብንበት። የጠመንጃው መዶሻ ሲወድቅ በቀኝ በኩል እሳት ይተፋል፤ መነጽሩ እዚያ ከተጠጋ መስታወቱ በአንድ ተኩስ ይጠቁራል። ስለዚህ ወደ ግራ ዘንበል ማለት አለበት። ለዓይን ከቀረበም ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ ይሰነጥቃል። ከመኪና ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ጥቂት አረር አቀለጠልኝ። ሚስቱ ምሳ ብሉ እያለች ሁለት ጊዜ መጣች፤ አልበላንም።

ቤት ስደርስ ለባሌ ሁሉንም አሳየሁት። ሁለቱን እንጨቶች እያገላበጠ አያቸው። በመጨረሻ ጠመንጃውን ከምሰሶው አወረደና በሩን ዘጋ፤ ሰው እንዳያየኝ ነው። ከዚያ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የዓመታት ቅቤ ብረቱ ላይ ተደራርቦ ደርቆ ነበር፤ በአመድና በሙቅ ውሃ አሸሁት፤ ጠፍሩ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ጣቴ እስኪይዝ ድረስ አደረቅኩት። ባሌ ይህን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ አይቷል። ለምን እንደማጥበው ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ፤ ቅባት ካለ ጠፍር አይይዝም አልኩት። ይህን የምጽፈው አውቄ ነው።

እሱ ያዘ፣ እኔ ጠመጠምኩ። ክረምት ስለነበረ ማድረቁ ጭንቅ ነበር። ውጭ አይደርቅም፤ እሳት ካስጠጉት ደግሞ ይሰነጠቃል። ከምድጃው ራቅ አድርጌ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ሰቅዬ በየሰዓቱ አዞርኩት። አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ዝንጀሮዎቹ አሥራ ሦስት እንሰት ጣሉብኝ። በአራተኛው ቀን ጠፍሩን በጥፍሬ ስነካው እንደ ቀንድ ጮኸ።

ባሩዱ ለአምስት ተኩስ ያህል ነበር። ጠመንጃውን ሰው ሳያየን ደረቁን ይዘን ወጣን፤ ከሰፈር ርቀን ከገደሉ ማዶ አንድ ጣሳ እንጨት ላይ ሰክተን ሰማንያ እርምጃ ቆጠርን። የመጀመሪያው አረር በስተቀኝ አለፈ። የመነጽሩን ትንንሽ ብሎኖች እስከ ጫፋቸው ባዞራቸውም አልበቁም፤ ከፊተኛው እንጨት ሥር ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ በመዶሻ አስገባሁ። ሁለተኛው ከጣሳው በታች መሬት መታ። ስንጣሪውን ትንሽ ገፋሁት። ሦስተኛው ጣሳውን ለሁለት ቀደደው።

ባሌ ወዲያው አልተነሳም። ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ ቆየ። ማዶ ያለውን ዛፍ እያየ፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ውሃ ሲንጠባጠብ እንደሚታየው ነገረኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳቀ። በዚያች ሰዓት ወደድኩት። ይህንንም ልጻፈው፤ ስለ እሱ ክፉውን ብቻ ከጻፍኩ እንደ ወንድሙ መሆኔ ነው።

ሁለት ተኩስ ቀረን። እኔ በማግስቱ ብቻችንን ሆነን እንድንጨርሰው ፈለግሁ። እሱ ግን ስልክ አነሳ። ወንድሙንና ሽማግሌዎቹን ጠራ። ገመሬው በፊታቸው እንዲወድቅ፣ ዓይኑ ጠፋ ያለው ወንድሙ ቆሞ እንዲያይ ፈለገ። ስንት ዓመት አንገቱን ሲደፋ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቀና ልበል ሲል ምን ይባላል? ተውኩት። በማግስቱ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ዝንጀሮዎቹ መውረዳቸውን በእጄ ምልክት ላሳየው ከእንሰቶቹ መሀል ተደፍቼ ጠበቅሁ።

ረፋዱ ላይ እንግዶቹ በሰፈራችን ሰፊ የሳር መንገድ፣ በጀፎረው በኩል ሲመጡ አየሁ። ባሌ ንጹሕ ነጠላውን ለብሶ ጠመንጃውን ታቅፎ ወጣ። ብረቱ ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር። ጤዛ መሰለኝ።

ገመሬው ወጣ። እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ክንዱን አከከ። ሌሎቹ ከጎኔ ገብተው ሲቀዱ ይሰማኛል። እጄን አነሳሁ። ባሌ ጠመንጃውን ባላ ላይ አስደግፎ ተንበረከከ፣ ብዙ ጊዜ አነጣጠረ፣ ተኮሰ።

እርሳሱ ከእኔ ሁለት ክንድ በማይርቅ እንሰት ውስጥ ገባ። ጭቃና የእንሰት ውሃ ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ የተመታሁ እኔ መሰለኝ። ጭሱ ሲገለጥ ባሌ ቅንድቡን ይዞ ነበር፤ ደም በጣቶቹ መሀል ይወርዳል። መነጽሩ ተንሸራትቶ ወደ ኋላ ሄዶ ዓይኑ ላይ መጥቶበታል። ዝንጀሮዎቹ ተበትነው ጥቂት ሮጡ። ገመሬው ግን ከድንጋዩ ወርዶ ዞር ብሎ አየ፤ ምንም የሚከተለው እንደሌለ ሲገባው ተመልሶ ወጣ። ባሌ በደም እጁ ባሩድ ሊያጎርስ ሞከረ። ግማሹን ሳሩ ላይ ደፋው። መነጽሩ እንደተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ገመሬው ቆሞ ጠበቀው፤ ጠመንጃው ግን አልተኮሰም። ወንድሙ ከእጁ ላይ ወሰደበት።

ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ጠፍሩን መንካት ነው። እጄ ተንሸራተተ። ቅቤ ነበር። ከሰደፍ እስከ አፈሙዝ፣ በጠፍሩ ላይ፣ ከወይራው ሥር፣ በስንጣሪው ዙሪያ። እኔ ማሳ ከገባሁ በኋላ ቀብቶት፣ ቅቤው እንዲጠጣ ምድጃው አጠገብ አሙቆት፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ቆይቷል። ሽማግሌ ፊት የሚወጣ የአያት ጠመንጃ ደረቁን አይወጣማ። ቀና ብዬ አየሁት። በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ አውቋል።

«ይኸው» አለ የባሌ ወንድም። «የቀጥቃጭ እጅ የነካው ነገር።»

ትልቁ ዘመድ ጎንበስ ብለው ጠፍሩን በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ጠረጉትና ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ።  እኚህ ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሰው ለእርቅ ይጠራቸዋል።

ሀጂ ግን ጠየቁ። ረጋ ብለው፣ ባሌን ነው የጠየቁት።

«አንተ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ጠመንጃ የነካው ሰው አለ?»

ባሌ ነጠላውን ቅንድቡ ላይ ጫነ። «እሷ ናት ያሰረችው» አለ።

ውሸት አይደለም። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ሀጂ እንደገና ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ የባሌ ፊት ላይ ያዩት ነገር ግን መለሳቸው። እኔም አልተናገርኩም። ቅቤ ጥፋት ነው ብዬ በእነሱ ፊት ብናገር ማን ይሰማኛል? ደግሞም እሱ ራሱ ይናገራል ብዬ ነበር። አሁን ደንግጦ ነው፣ ደሙ ሲቆም ይናገራል አልኩ። እንግዶቹ ውሃ ሲጠጡ ጠበቅሁ። ጫማቸውን ሲጠርጉ ጠበቅሁ። ጀፎረው ጫፍ ደርሰው ሲጠፉ እንኳ ይጠራቸው ይሆናል እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ጠፍሩን በፊታቸው በቢላ ቆረጥኩ፤ መነጽሩንና እንጨቶቹን አነሳሁ፤ ጠመንጃውን በጨርቅ ወልውዬ ለባሌ ወንድም ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አውጥቶ እያገላበጠ ጭረት ፈለገ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ፈልጎ አላገኘም። ቢሆንም ትከሻው ላይ አንግቶ ይዞት ሄደ።

ማታ ቁስሉን አጠብኩለት። ለምን እንዳደረገው ጠየቅሁት።

«ሁልጊዜ የምናደርገው ነው» አለ። «ረሳሁት።»

«ቅቤውን አይደለም የምጠይቅህ።»

 ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም ጨርቁን ጨምቄ አሰጣሁ።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ወንድምየው ማሳውን ተረከበ። ባሌ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ገባ፤ ለእኔ ቦታ እንደሚጠብ ነገሩኝ። ወልቂጤ ገባሁ። በበዓል በበዓል ይደውልልኝ ነበር። ዝናብ እንዴት ነው ይለኛል፤ ደህና ነው እለዋለሁ። ያችን ቀን አንድም ጊዜ አላነሳትም። አንስቷት ቢሆን ምን እንደምለው አውቅ ነበር፤ ይቅር ለማለት ተዘጋጅቼ ብዙ ዓመት ስልኩን አነሳሁ። አምና ሲሞት ሄጄ አለቀስኩ። ጠመንጃውን ተኮሱለት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር፤ ምኑም አልተበላሸም።

ስለ እንሰቱ ልጨርስ። የተረፉትን በኅዳር አስነቀሏቸው። ፍቀው ለቆጮ ጉድጓድ የቀበሩት ሴቶች በቀን ሥራ ከታች የመጡ ናቸው፤ ማን እንደተከላቸው አያውቁም። ቆጮው ሲደርስ የባሌ ወንድም ሚስት በቅጠል የተጠቀለለ አንድ ትልቅ እስር በሚኒባስ ላከችልኝ። ከማን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተነገረኝም። የወንድሜ ሚስት እስሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ለሰው እንስጠው ወይስ እንጣለው ብላ ጠየቀችኝ።

አይሆንም አልኳት። ቃጫውን መርጬ አወጣሁ፣ ጨመቅሁት፣ ጋገርኩት። ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ በጎመን በላነው። ጥሩ ነበር፤ የስድስት ዓመት እንሰት ነጭ ቆጮ ይወጣዋል።  በሦስተኛው ቀን አለቀ።